ከዚያ ሆነህ እይ

ወንድሜ አራጋው ያበደው በታኅሣሥ መባቻ፣ ገብሳችንን ስንወቃ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ሳለች ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ያለው ዓመት ነበር። አባታችንን ድርቁ ወስዶት፣ ከገነተ ማርያም በላይ ተረተሩ ላይ ባለችው ቤታችን የቀረነው እናቴ ደብሪቱ፣ በሬ የሚጠምደው አራጋውና እኔ ነበርን። እኔ የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነው። ደመና ሳይ እንቅፋት የሚጥለኝ ልጅ ስለነበርሁ ጎረቤቱ ሁሉ “ምስጋኑ ሕልመኛው” ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰማዩ ታረቀን፤ ገብሱ ሰጠ። ክምሩን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ሳልበላ የጠገበ ይመስለኝ ነበር። አራጋው አውድማውን በእበት ለቅልቆ እንደ ገበታ አሳመረው።

በእኛ አገር አውድማ ሲገባ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ ይወልቃል። እዚያ ያለ ነገር በስሙ አይጠራም፤ በሬው በሬ አይባልም፣ እህሉም እህል አይባልም፣ መንሹ እንኳ ሌላ ስም አለው። በስማቸው ከተጠሩ የሚሰማ አለ፤ ሰምቶ በረከቱን ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ፉጨት ነው። አውድማ ላይ ያፏጨ ሰው ጋኔንን “ቤት ለእንግዳ” እንዳለው ይቆጠራል። ይህን በእኔ ዕድሜ ያለ ሁሉ ያውቃል።

በውቂያው ዋዜማ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ የሻው መጥቶ ነበር። አያ የሻው የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ነው፤ ሲመጣ ሁልጊዜ እኔን ጆሮዬን ጎትቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ስለ አባቴ አንድ ቀልድ አውርቶ ይሄዳል። ያን ለት ጆሮዬን አልጎተተኝም። ጠመንጃውን ክምሩ ላይ አስደግፎ ወደ እማ ጆሮ ጠጋ አለና የሆነ ነገር ተናገረ። ከነፋሱ ጋር ወደ እኔ የደረሰው “መኪናዎቹ” እና “ከሚካኤል በፊት” የሚለው ብቻ ነው። እማ የያዘችውን እህል ማዝሪያ ላይዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

“ጠላ አልቀዳልህም እንዴ?” አለች፣ ድምጿ ደርቆ።

“ሌላ ቀን እታለም። ምርቱ ይበርክት!” አለ፤ ይህን ጮክ ብሎ። ሄደ።

መኪና ሲባል የማውቀው የእርዳታ ስንዴ የሚያመጣውን ነበርና ደስ አለኝ። ምራቄን ዋጥሁ። መኪናዎቹ ላሊበላ የመጡት ስንዴ ሊያወርዱ ሳይሆን ጎረምሳ ሊጭኑ እንደሆነ፣ የአራጋውም ስም ለብሔራዊ ውትድርና እንደወጣ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ከሄደ ከእኛ ተረተር ልጅ ተመልሶ የመጣ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እማ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ቁልቁል ወደ ሚካኤል ጠበል ወረደች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። “ምን ሆንሽ?” አልኋት። “አቧራ ነው” አለችኝ።

በማግስቱ ጎረቤቶች በወንፈል ሊያግዙን መጡ። በሬዎቹ እየዞሩ፣ አራጋው ከኋላቸው እያዜመ፣ ጭዱ አየር ላይ እንደ ወርቅ እየበነነ፣ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። እማ በድንገት እጄን ያዘችና ከአውድማው ዳር ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ወሰደችኝ።

“እዚህ ላይ ቁም። ከዚህ ሆነህ እይ” አለችኝ።

በሬ እንዳይረግጠኝ መሰለኝ።

አራጋው ዜማውን አቆመ። ከንፈሩን አሾለና አፏጨ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ማዶው ገደል የሚሰማ ፉጨት። ጥቁሩ በሬያችን ጉራች ጆሮውን አቆመ። መንሽ የያዙት ሁሉ መንሻቸው አየር ላይ ቀረ።

“አንተ! ምን ነካህ?” አለው አንዱ።

“በሬ!” አለ አራጋው፣ ጉራችን በጣቱ እያሳየ። “ገብስ! መንሽ! ጭድ!” ሁሉንም በየስማቸው ጠራቸው። ከዚያ ዓይኑን አፍጥጦ ጭዱ ላይ ወደቀና የእሱ ባልሆነ ድምፅ ያጓራ ጀመር።

እማ ጮኸች። ከመጮኋ በፊት ግን ዘወር ብላ እኔን አየችኝ።

ይህቺን ነገር ለብዙ ዓመታት ሳልፈታት ይዣት ኖርሁ። ልጇ የወደቀባት እናት ለምን መጀመሪያ ያልወደቀውን ታያለች?

የሚካኤል ጠበል ከገደል አፍ የሚወርድ ውሃ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ያለው ሣር ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል። አራጋውን ወገቡን በገመድ አስረን ወሰድነው፤ እማና እኔ ከጠበልተኞቹ ጎጆዎች በአንዱ አደርን። አጠገባችን ጉልበቷን የሚያማት እማማ ይማርሽ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ አፏ ግን አንድም ቀን አልታመመም።

አጥማቂው አባ ገብረ ሊባኖስ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አራጋውን ከውሃው ሥር አቆሙትና መስቀላቸውን አነሡ። ውሃው ሲወርድበት ያሰማው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

“ማነህ?” አሉ አባ።

“የወንዝ ነኝ!”

“ከየት ያዝኸው?”

“ካውድማ! ሲያፏጭ!”

ዘወር ብዬ ሰዉን ሁሉ አየሁ። አላልኋችሁም? እንደ ማለት።

“ምን ትፈልጋለህ?”

ጋኔኑ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ትንሽ አሰበ። “ቆሎ!” አለ።

እማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። “ቆሎ? ጋኔን ቆሎ ይበላል እንዴ?” አለች።

“የሽምብራ!” አለ ጋኔኑ።

“ምስኪን” አለች እማማ ይማርሽ፣ ጉልበቷን እያሸች። “የኔን ጎረቤት የያዛትኮ ጥቁር በግ ካልታረደልኝ አለ። ይሄስ የድሃ ቤት የሚያውቅ ጋኔን ነው።”

ቆሎውን ይዤለት የሄድሁት እኔ ነኝ። ከሩቅ ቆሜ ዘረጋሁለት። ተቀበለኝና በወፍራም ድምፁ “ተባረክ” አለኝ።

“ሲመርቅ ደግሞ!” አለች እማማ ይማርሽ። “አሁንስ እኔንም ይያዘኝ።”

እማ ያን ዋዜማ ወደ ጠበሉ ወርዳ ልጇን እንዲደብቁላት አባን ስትለምን ምን እንዳሏት በኋላ ነግራኛለች። “በሚካኤል ውሃ ላይ አልዋሽም፤ ሂጂ” አሏት። እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። በመጨረሻ “እኔ ውሃ አፈስሳለሁ” አሉ። “በታኅሣሥ ውርጭ ውሃ የወረደበት ሁሉ ይጮኻል። እኔም ማነህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መጠየቅ ውሸት አይደለም። የሚመልሰው ማን እንደሆነ ሚካኤል ያውቃል።”

ያኔ እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ወንድሜ እንደጠፋ ነው። ጋኔኑን ፈርቼ አልነበረም የማለቅሰው፤ ጋኔኑማ ይመርቀኛል። ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነበር። አራጋው እማን ያያል፣ አባን ያያል፣ የእማማ ይማርሽን አህያ እንኳ ትክ ብሎ ያያል። እኔ ስመጣ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞራል። በፊት ከእርሻ ሲመለስ ከሩቅ ስሜን የሚጠራ፣ ትከሻው ላይ አውጥቶ “ላሊበላ ትታይሃለች?” የሚለኝ ወንድሜ፣ አሁን ቆሎውን ከእጄ የሚወስደው ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው። ጋኔኑ ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን የጠላኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማ ከጠበሉ በታች እግሬን እያጠበችኝ፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

“ምስጋኑ፣ ሰው ይመጣል። ይጠይቅህ ይሆናል።”

“ማን?”

“ማንም ይሁን። ስትጠየቅ ያየኸውን ብቻ ተናገር። የመሰለህን አትጨምር፣ ያየኸውንም አትደብቅ። ያላየኸውን አላየሁም በል።”

“እሺ።”

“ማልልኝ።”

“ሚካኤልን!”

እግሬን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችልኝ። በጠበል ቦታ ስለሆንን ኃጢአት እንዳንሠራ የምትመክረኝ መሰለኝ። ከልጅነቴ እስካሁን የሰማሁት ምክር ብዙ ነው፤ ከአጥንቴ ጋር የቀረው ግን በዚያ ውሃ ዳር የሰማሁት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ፊት ፊት ካኪ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ የጠገበ፣ ሽጉጥ የታጠቀ የወረዳው መልማይ፤ ጓድ ፈንታው ይሉታል። ከኋላው አያ የሻውና ሚሊሻዎች። አራጋው ወይራው ሥር ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ማጓራት ጀመረ።

ጓድ ፈንታው ቁና ቁና እየተነፈሰ ላቡን ጠረገ። “ዘንድሮ ላስታ እብዱ በዛ” አለ ለአያ የሻው። “ትናንትና አንዱ ሣር ሲግጥ አገኘሁት። መኪና ላይ ስናወጣው ዳቦ የላችሁም ወይ አለኝ።”

ሚሊሻዎቹ ሳቁ። እማ አልሳቀችም።

“ጌታው፣ አባን ይጠይቁ፣ ሰዉን ይጠይቁ” አለች።

“አንቺ እናት ነሽ፤ ቄሱ ደግሞ ቄስ ናቸው። ምን ይሉኛል?” ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። “አንተ ትንሹ፣ ና እስቲ።”

“ሕፃን ነው እኮ ጓድ” አለ አያ የሻው።

“የምፈልገውም ሕፃን ነው።”

ከፊቱ ቆምሁ። ጎንበስ አለልኝ፤ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።

“ይሄ ምንህ ነው?”

“ወንድሜ።”

“ምን ሆነ?”

ጋኔን ያዘው ልል አፌን ከፍቼ ተውሁት። ጋኔን አላየሁም። “አውድማ ላይ አፏጨ” አልሁት። “ከዚያ በሬውን በሬ አለው። ከዚያ ወደቀ።”

“በሬውን ታዲያ ምን ሊለው ኖሯል?”

ከሚሊሻዎቹ አንዱ አማተበ፤ ሌላው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። የአውድማውን ሥርዐት አያ የሻው በሹክሹክታ አስረዳው። ጓድ ፈንታው እጁን አወናጨፈ።

“እሺ፤ ጋኔን ነው የያዘው?”

“ጋኔን አላየሁም።”

ቀና አለ። “ከመንደሩ ጀምሮ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ጋኔን ጋኔን ሲለኝ አንተ አላየሁም ትለኛለህ?”

“አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁ።”

አሁን በደንብ ያየኝ ጀመር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እሱ ከመታመሙ በፊት ቤታችሁ የመጣ ሰው ነበር?”

ወንፈል የመጡትን ልቆጥር ነበር፤ እሱ ግን “በዋዜማው” ብሎ ጨመረ።

“አያ የሻው መጥቶ ነበር።”

አያ የሻው የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። ያኔ ያላየሁትን ዛሬ አየዋለሁ፤ በዚያች ቃል አራጋውም አያ የሻውም አብረው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። እማ ግን አላቋረጠችኝም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

“ምን አለ?”

“ምርቱ ይበርክት አለ።”

“ሌላስ?”

“ሌላውን በእማ ጆሮ ነው የተናገረ። አልሰማሁም።”

ጓድ ፈንታው ወደ አያ የሻው ዞረ። “በጆሮዋ ምን አልኻት?”

“ልጅሽ ተመርጧል፤ መኪናዎቹ ከሚካኤል በፊት ይሄዳሉ፤ አልኋት” አለ አያ የሻው። “መንገር ሥራዬ ነው።”

“ሥራህን በሹክሹክታ ነው የምትሠራ?”

“ባሏን ቀብራ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። አደባባይ ላይ ላስጩሃት?”

ጓድ ፈንታው ጥፍሩን ነከሰና እንደገና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “ወንድምህ አንተን ያውቅሃል?”

ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር።

“አያየኝም” አልሁ። “ሌላውን ሁሉ ያያል። አህያዋን ያያል። እኔን ብቻ አያየኝም። ቆሎ ሳመጣለት ፊቱን ያዞራል። በፊት በትከሻው ነበር የሚሸከመኝ።” እንባና ንፍጤ ተቀላቀለ።

እጄን ያዘና ወደ ወይራው ወሰደኝ። “እስቲ ፊቱ ቁም” አለኝ።

ፊቱ ቆምሁ። አራጋው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። በዚያ በኩል ዞሬ ቆምሁ። ወደ ግንዱ አዞረ። “አራጋው” አልሁት። ግንባሩን ግንዱ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጓድ ፈንታው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገና፣ “ይሄ ጋኔን አይደለም” አለ። “ጋኔን የሚባል ነገር የለም። የአእምሮ በሽታ ነው። ጠመንጃ ብንሰጠው እኛኑ ነው የሚጨርሰን። በሉ እንሂድ።”

ጋኔን የለም? ይህን ያህል ያልተማረ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ አዘንሁለት።

የሚካኤል ዋዜማ ዕለት ጠበልተኛው ሁሉ ገደሉ አፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። በማዶው ጠመዝማዛ መንገድ መኪናዎቹ አቧራ እያስነሡ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከላያቸው የተጫነው ከሩቅ ጆንያ ይመስላል። “ስንዴውን ሳይሰጡን ሄዱ” አልሁ። እማ የመጨረሻው አቧራ እስኪጠፋ ቆማ አየችና፣ አጥንት እንደሌለው ሰው መሬት ላይ ዘፍ አለች። እስትንፋሷ ከሆዷ ሲወጣ ሰማሁት፤ ከውቂያው ዋዜማ ጀምሮ ይዛው የቆየች ይመስል ነበር።

በሚካኤል ጠዋት ጋኔኑ “ለቀቅሁ!” ብሎ ጮኸና ለቀቀ። አራጋው ከውሃው ሥር እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ሳቀ። እስኪንበረከክ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከነእርጥበቱ አንሥቶ ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ ውሃው በሱሪዬ ሲሰርግ ይሰማኛል፤ ይበርዳል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

“በሳቅ የሚወጣ ጋኔን!” አለች እማማ ይማርሽ። “ጉልበቴንም በሳቅ በማረልኝ።”

ከዚያ ወዲህ እማ በየወሩ ለሚካኤል ጧፍ ስትሰጥ አንዱ ስለ አራጋው ነው። ሌላም ጧፍ ትጨምራለች። ስለ ማን እንደሆነ ስጠይቃት “በመኪናው ስለ ሄደ ሰው” ትለኛለች። በአራጋው ቦታ የተጫነውን ልጅ ስም ነግራኝ አታውቅም፤ የምታውቀውም አይመስለኝም።

ደርግ ወደቀ። እኔ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ሰው የማላበዛ፣ ከሰልፍ መሀል ሐሳብ ይዞኝ የሚሄድ ተማሪ ነበርሁ። ግን ጠብ በተነሣ ቁጥር “ምስጋኑ ምን አየ?” ይባላል። እንደ እኔ በደመና ለሚሄድ ሰው የእማ ምክር ወገቤን ከመሬት ጋር ያሰረኝ ገመድ ነበር። የመሰለኝን ለብቻዬ አስቀምጣለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። በዚህ የተጣላኝ ሰው አለ፤ ያላመነኝ ሰው ግን የለም።

ለእረፍት በመጣሁበት አንድ ታኅሣሥ አራጋው የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ልጆቹ ክምሩን እየዞሩ ይሯሯጣሉ፤ እሱ መንሹን ተደግፎ ይስቃል።

“ለምን ታዲያ እኔን አታየኝም ነበር?”

“ዓይንህን ካየሁ እስቃለኋ! ያን አፍህን ከፍተህ ለጋኔኑ ስታዝንለት…”

“ወይራው ሥር ስትንቀጠቀጥም እየሳቅህ ነበር?”

መንሹን ወደ መሬት አየ። “መጀመሪያ ሳቅ ነበር” አለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። ቤት ገብቼ እማ ፊት ቆምሁ። ገብስ እያበጠረች ነበር።

“ለውሸት ነው ያስመሰከርሽኝ!”

“ዋሸህ?” አለች፣ ሰፌዱን ሳታቆም።

“አልዋሸሁም።”

“ታዲያ?”

“እናንተ ግን…”

“እኛን ማን ጠየቀን? የተጠየቅህ አንተ ነህ።” እፍ ብላ እብቁን አበረረችው። “የሻው ነግሮኛል። ያ ባለ ሽጉጡ ሰውዬ ገደሉን ሲወርድ ‘ልጁ አልዋሸም’ አለው። የሻውም ‘አዎ፣ አልዋሸም’ አለው። ምን ይበል?”

“ምክሩስ? ለማታለል ነበር የመከርሽኝ?”

አሁን ሰፌዱን አስቀመጠች። ከልቧ እንደገረማት ፊቷ ላይ ይታያል። “ልጄ፣ እኔ የነገርሁህ ለዚያች ቀን ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ይዘኸው ዙር ያለህ ማነው?”

ቀስ ብላ ፈገግ አለችና “ይሁን፣ አልጎዳህም” ብላ ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ከውጭ ፉጨት ተሰማ፤ ረጅም፣ ቀጭን። የአራጋው ልጆች “አባዬ፣ ነውር ነው!” እያሉ ይጮኻሉ። ወጣሁ። ያ ትልቅ ድንጋይ አውድማው ዳር እንደነበረ ነው።

“ሕልመኛው!” አለኝ አራጋው። “ከዚያ ሆነህ እይ!”

ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ጭዱ ይበንናል። ወንድሜ በሬዎቹን ይነዳል።